ቼሪ-ፒክ ሲጋጭ፦ አንድን ኮሚት ከሜይን ወደ ሪሊስ ብራንች ማሻገር

የቡናው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ሲጦፍ አጋሮ፣ ሰቃ ወይም ሊሙ ገነት ባለ መረከቢያ ላይ እየሠራ ያለን ሶፍትዌር እንዳለ በአዲስ ቅጂ መተካት የሚደፍር የለም። ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ሲስተም የምትሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ብራንች (ለየብቻ የሚያድግ የኮድ መስመር) ይኖራችኋል፦ አዲስ ሥራ ሁሉ የሚጠራቀምበት ሜይን፣ እና መረከቢያዎቹ ላይ የተጫነው ሪሊስ-2018። ሜይን ላይ የታረመ ስህተት ሪሊሱ ላይም የግድ መታረም ሲኖርበት ያንን አንድ ኮሚት (አብሮ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ነጥሎ ማሻገር ይመጣል። የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው የጊት ቼሪ-ፒክ ትዕዛዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ብራንቾቹ በተለያዩ በሳምንቱ ከሆነ ሥራው የአንድ ትዕዛዝ ነው፤ ወራት ካለፉ ግን ኮንፍሊክት (ጊት ራሱ ሊያዋህደው ያልቻለ ግጭት) መምጣቱ አይቀርም።

ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። የምሳሌ ኮዱ ውስጥ ያሉት የተለዋዋጭ ስሞች ግን በአማርኛ ናቸው፤ ፓይተን 3 ይህን ይፈቅዳል፣ ለማንበብም ይቀላል።

ቼሪ-ፒክ የሚያሻግረው ምኑን ነው?

ብዙ ሰው ፋይሉን የሚገለብጥ ይመስለዋል። አይገለብጥም። ኮሚቱን ከወላጁ፣ ማለትም ከእሱ በፊት ከነበረው ኮሚት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ያወጣል፤ ከዚያ ያንን ልዩነት አሁን ያላችሁበት ብራንች ላይ ለማሳረፍ ይሞክራል። ከውስጥ የሚካሄደው ሦስት ወገን ያለው መርጅ (ማዋሃድ) ነው። አንደኛው መነሻው ነው፤ ይህ የኮሚቱ ወላጅ ነው። ሁለተኛው ጊት አወርስ የሚለው፣ ሄድ፣ ማለትም የቆማችሁበት ብራንች የመጨረሻው ኮሚት ነው። ሦስተኛው ዜርስ የሚለው፣ የምታሻግሩት ኮሚት ራሱ ነው።

መነሻው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከእሱ ነውና። በተራ መርጅ ጊዜ መነሻው ሁለቱ ብራንቾች የተለያዩበት ነጥብ ነው። በቼሪ-ፒክ ጊዜ ግን መነሻው ሜይን ላይ ያለው የኮሚቱ ወላጅ ስለሆነ፣ ብራንቾቹ ከተለያዩ ወዲህ ሜይን ላይ የተጨመረው ነገር ሁሉ በመነሻውም በዜርስም ውስጥ አለ። ዜርስ በኩል የምታዩት ኮድ እንግዲህ እርማቱ ብቻ አይደለም፤ እርማቱ ሲደመር የወራት የሜይን ሥራ ነው። «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ዜርስን እንዳለ የተቀበለ ሰው ሪሊሱ ላይ ያልተፈለገ፣ ያልተፈተሸ፣ አንዳንዴም ግማሹ የጎደለ ፊቸር (አዲስ የሲስተም ተግባር) ያስገባል። ግጭት ስትፈቱ ጥያቄው «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አይደለም፤ «ይህ ኮሚት ከወላጁ ምን ቀየረ? እኛ ብራንች ላይ ያው ለውጥ ምን ይመስላል?» ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊት ስታተስ ንጹሕ መሆኑን ይንገራችሁ። ያልተኮመተ ሥራ ካለ ኮምቱት ወይም በጊት ስታሽ አስቀምጡት። ልትነኩት ባለው ፋይል ላይ ያልተኮመተ ለውጥ ካለ ጊት ራሱ ቼሪ-ፒኩን ይከለክላል፤ ለውጡ ሌላ ፋይል ላይ ከሆነና ገና በጊት አድ ለኮሚት ካልተዘጋጀ ግን ዝም ብሎ ያልፋል፣ ኋላ አቦርት ማድረግ (ቼሪ-ፒኩን ጀምሮ መተው) ስትፈልጉ ነገሩ ይወሳሰባል።

ከዚያ እነዚህን ሁለቱን አንዴ አስተካክሉ፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅ.ኮንፍሊክትስታይል ዜድዲፍ3
ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ሪሪሪ.ኢኔብልድ ትሩ

የመጀመሪያው በግጭቱ መሃል መነሻውንም እንዲያሳያችሁ ያደርጋል። ዜድዲፍ3 ከጊት 2.35 ጀምሮ ያለ ነው፤ ማሽናችሁ ላይ ያለው ከዚያ የቆየ ከሆነ ዲፍ3 በሉት። ያለዚህ ቅንብር ቼሪ-ፒክ ማድረግ አይመከርም፤ ምክንያቱን ምሳሌው ላይ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው አንዴ የፈታችሁትን ግጭት ያስታውስላችኋል። ያው እርማት ሪሊስ-2017 ላይም መግባት ካለበትና ግጭቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ያለፈውን መፍትሔ ራሱ ያስገባዋል። ያስገባውን ሳታዩ ግን ጊት አድ አትበሉ፤ የተሳሳተ መፍትሔንም እኩል ያስታውሳልና። ተሳስቶ ከሆነ ጊት ሪሪሪ ፎርጌት ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡት።

ኢንተርኔት ስለሚያስቸግር ወይም ዳታ ለመቆጠብ ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ በሚያመጣው በ--ዴፕዝ 1 ያወረደ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል። እንዲህ ያለ ሪፖ ውስጥ ጠርዙ ላይ ያለው ኮሚት ወላጅ የለውም፤ ጊት መነሻውን ባዶ አድርጎ ይወስደዋል። ውጤቱ ያልነካችኋቸው ፋይሎች ሳይቀሩ ሁለቱም ጋ እንደ አዲስ የተጨመሩ ተደርገው በጅምላ መጋጨታቸው ነው። ሦስት መስመር የቀየረ ኮሚት አርባ ፋይል ካጋጨባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ጊት ቼሪ-ፒክ --አቦርት በሉና በጊት ፌች --ዲፕን=50 ታሪኩን ወደ ኋላ አስረዝሙት፤ ካልበቃ ጊት ፌች --አንሻሎው ሙሉውን ያመጣል። በ--ዴፕዝ የወረደ ሪፖ ሌሎች ብራንቾችን ይዞ እንደማይመጣም አስታውሱ። ዳታ ለመቆጠብ ከሆነ ክሎን ስታደርጉ --ፊልተር=ብሎብ:ነን ይሻላል፤ የኮሚቶቹን ታሪክ በሙሉ ያመጣል፣ የፋይሎቹን ይዘት ግን ሲያስፈልግ ብቻ ያወርዳል።

ቼሪ-ፒክ ራሱ ኔትወርክ አይፈልግም። ማለዳ ኔቱ ደህና ሲሆን ጊት ፌች ካደረጋችሁ ቀሪውን ያለ ኢንተርኔት ትጨርሱታላችሁ (በ--ፊልተር ያወረዳችሁት ካልሆነ፤ እሱ የጎደለውን ይዘት መሃል ላይ ሊጠይቅ ይችላል)።

ኮሚቱን መምረጥና ማንሳት

ጊት ሎግ --ዋንላይን --ሪቨርስ ሪሊስ-2018..ሜይን -- ክፍያ.ፓይ

ይህ ሜይን ላይ ያሉ፣ ሪሊሱ ላይ የሌሉ፣ ክፍያ.ፓይ የተባለውን ፋይል የነኩ ኮሚቶችን ከቆየው ወደ አዲሱ ይደረድራል። ከምትፈልጉት ኮሚት በላይ ያሉትን ሁሉ በጊት ሾው አንድ ጊዜ እዩአቸው። እርማቱ በእነሱ ላይ የቆመ ከሆነ እነሱም መሻገር አለባቸው፤ ይህን ከግጭቱ በፊት ማወቅ ከግጭቱ በኋላ ከማወቅ በብዙ ይቀላል።

ጊት ስዊች ሪሊስ-2018
ጊት ፑል --ኤፍኤፍ-ኦንሊ
ጊት ስዊች -ሲ እርማት-ጆንያ
ጊት ቼሪ-ፒክ -ኤክስ 4071923

ሦስተኛው መስመር ጊዜያዊ ብራንች ይከፍታል፤ ቢበላሽ የሚጣለው እሱ ነው፣ ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ ሪሊስ-2018 ይገባል። -ኤክስ ኮሚቱ ከየት እንደመጣ የሚናገር መስመር መልእክቱ ግርጌ ላይ ይጨምራል። ኮንፍሊክት ከተፈታ በኋላ ኤዲተሩ ሲከፈት መስመሩ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ በእጅ ጻፉት። ለምን እንደምንጨቀጭቅ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

ተከታታይ ኮሚቶች ከሆኑ ሀ..ለ የሚለው አጻጻፍ ሀን ራሱን አይጨምርም። ሀም እንዲገባ ሀ~1..ለ በሉ። በዊንዶውስ ሲኤምዲ ላይ ^ የተባለው ምልክት ሌላ ትርጉም ስላለው ~1 ይመረጣል።

ግጭቱን ማንበብ

ሜይን ላይ የታረመው ስህተት ይህ ነው እንበል፦ ጀንፈል ሲመዘን የጆንያው ክብደት አይቀነስም ነበር። የሪሊሱ ኮድ ኪሎውን በቀጥታ ለ17 አካፍሎ ፈረሱላ ያወጣል። ሜይን ላይ ደግሞ ከእርማቱ በፊት ሌላ ሰው የቅድመ ክፍያ ፊቸር ጨምሯል፤ ይህ ገና መረከቢያዎቹ ጋ አልደረሰም። ኮሚቱን ስታነሱ ጊት ይቆምና ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ይጽፋል፦

<<<<<<< ሄድ
ፈረሱላ = ኪሎ / 17
ክፍያ = ፈረሱላ * ዋጋ
||||||| ፓረንት ኦፍ 4071923 (የጆንያ ክብደት ይቀነስ)
ፈረሱላ = ኪሎ / 17
ክፍያ = ፈረሱላ * ዋጋ - ቅድመ_ክፍያ
=======
ፈረሱላ = (ኪሎ - ጆንያ * የጆንያ_ክብደት) / 17
ክፍያ = ፈረሱላ * ዋጋ - ቅድመ_ክፍያ
>>>>>>> 4071923 (የጆንያ ክብደት ይቀነስ)

ከላይ ያለው ክፍል የእናንተ ነው። መሃሉ መነሻው፣ ታች ያለው የመጣው ኮሚት ነው። መጀመሪያ የእናንተን ተዉትና መሃሉን ከታችኛው ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው መስመር ተቀይሯል፤ ሁለተኛው አልተቀየረም። የኮሚቱ ሥራ እንግዲህ የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ቀጥሎ መሃሉን ከላይኛው ጋር አስተያዩ፦ የቅድመ ክፍያው ቅነሳ እናንተ ጋ የለም፤ መኖርም የለበትም። መፍትሔው ይኸው፦

ፈረሱላ = (ኪሎ - ጆንያ * የጆንያ_ክብደት) / 17
ክፍያ = ፈረሱላ * ዋጋ

አሁን የመሃሉ ክፍል ባይኖር ምን ታዩ እንደነበር አስቡት። ሁለቱም መስመሮች የተለያዩ ናቸው፤ ታችኛው ወገን የተሟላና አዲስ ይመስላል። ኤዲተራችሁ ላይ ያለውን «ኢንካሚንጉን ተቀበል» የሚለውን ቁልፍ ብትጫኑ ሪሊሱ ላይ ቅድመ_ክፍያ የሚባል ተለዋዋጭ ስለሌለ ሲስተሙ የመጀመሪያው ገበሬ ላይ ይቆማል። ይህ እንኳ ደህናው ነው። የከፋው ስሙ በሌላ ትርጉም ሪሊሱ ላይ ኖሮ ስሌቱ ሳይቆም የሰው ገንዘብ ሲቀንስ ነው።

ጊት እዚህ ጋ ለምን ተጋጨ? ሁለቱ ወገኖች የቀየሩት የተለያየ መስመር ነው፣ ግን መስመሮቹ ተያያዥ ናቸው። በመሃላቸው ያልተነካ መስመር ስለሌለ ጊት ራሱ ለመወሰን አይደፍርም።

ፋይሉ ትልቅ ሆኖ ግጭቱ ካልገባችሁ ኮሚቱን በጊት ሾው 4071923 -- ክፍያ.ፓይ ብቻውን እዩት፤ አሥር መስመር የማይሞላ ለውጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስቱን ሙሉ ፋይሎች ለየብቻ ማየት ሲያስፈልግ ጊት ሾው :1:ክፍያ.ፓይ መነሻውን፣ :2: የእናንተን፣ :3: የመጣውን ያወጣል። እያስተካከላችሁ ነገሩ ከተምታታባችሁ ጊት ቼክአውት -ኤም ክፍያ.ፓይ ፋይሉን ወደ መጀመሪያው ግጭት ይመልሰዋል፤ እስካሁን ፋይሉ ላይ የጻፋችሁትን ግን ያጠፋል።

ጊት ቼክአውት --አወርስ እና --ዜርስ ላይ ተጠንቀቁ። የሚወስዱት የተጋጨውን ቦታ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ነው። በሰላም የገቡት የኮሚቱ ሌሎች ለውጦችም በአወርስ ይጠፋሉ። የተጋጨው ቦታ ላይ ብቻ አንዱን ወገን ለመምረጥ ቼሪ-ፒኩን ራሱን በ-ኤክስ አወርስ ወይም በ-ኤክስ ዜርስ መጀመር ይቻላል፤ ይህ ትልቁ ኤክስ ነው፣ ከላይ ያየነው ትንሹ። ለተቀናበሩ ወይም በማሽን ለሚፈጠሩ ፋይሎች ካልሆነ ለሒሳብ ኮድ አይሆንም። ሪቤዝ የለመደ ሰው ደግሞ ስሞቹ እዚያ ተገላብጠው እንደሚሠሩ አይርሳ፤ በሪቤዝ ጊዜ ዜርስ የሚባለው የራሳችሁ ኮሚት ነው።

ከፈታችሁ በኋላ፦

ጊት ዲፍ --ቼክ
ጊት አድ ክፍያ.ፓይ
ጊት ቼሪ-ፒክ --ኮንቲኒው

የመጀመሪያው መስመር የተረሳ የግጭት ምልክት ካለ ይጠቁማል። አትዝለሉት። ጊት አድ ፋይሉ ውስጥ <<<<<<< ቢኖርም ባይኖርም አይጠይቅም፤ «ተፈትቷል» ብሎ ይቀበላል። --ኮንቲኒው ቪም ከከፈተባችሁ ኢስኬፕ ተጫኑና :ደብሊውኪው ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ምልክት የሌለው ግጭት

ጊት የሚያየው መስመርን እንጂ ትርጉምን አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ የጆንያ_ክብደት የሚለው ተለዋዋጭ ሪሊሱ ላይ አለ? ሜይን ላይ በሌላ ኮሚት፣ በሌላ ፋይል ተጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ግጭቱ ተፈትቶ ኮዱ ግን አይሠራም። ጊት ግሬፕ የጆንያ_ክብደት በሉ። ከእርማቱ መስመር ሌላ ቦታ ከሌለ፦

ጊት ሎግ -ኤስ'የጆንያ_ክብደት' --ዋንላይን ሜይን

ስሙ የገባበትን ኮሚት ያወጣላችኋል (ኤሱ ትልቁ ነው)። የጀመራችሁትን በ--አቦርት ትታችሁ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እርማቱን ማንሳት ከሁሉ ይሻላል። ያ ኮሚት ሌላም ብዙ ነገር የያዘ ከሆነ የምትፈልጉትን አንድ መስመር ብቻ በእጅ ጨምሩና በኮሚቱ መልእክት ላይ ግለጹት።

ምንም ግጭት ሳይኖር የሚበላሸው ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። የቀን ማረጋገጫን እንውሰድ። ሜይን ላይ ጳጉሜን እንዲቀበል ተደርጓል፦

የጳጉሜ_ቀናት = 5 + (ዓመት % 4 == 3)

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ዓመት፣ ለምሳሌ 2015 ወይም 2019፣ ጳጉሜው 6 ቀን ነው። ኮሚቱ ወደ ሪሊሱ ያለ ግጭት ይገባል። ሪሊሱ ላይ ግን የደረሰኙ ፎርም ከ12 በላይ የሆነ ወርን የሚመልስ አሮጌ ማረጋገጫ አለው፤ ሜይን ላይ ያ ማረጋገጫ የጠፋው በሌላ ኮሚት ነበር። ቼሪ-ፒኩ «ተሳክቷል»፣ ጳጉሜ 1 ቀን ግን ደረሰኝ አይቆረጥም። ይህን የሚይዘው ቴስት ብቻ ነው፤ ቴስቱም ሪሊሱ ላይ መሮጥ አለበት እንጂ ሜይን ላይ ማለፉ ምንም አይነግራችሁም።

ቴስት ያልተጻፈለት ኮድ ከሆነ ውጤቱን በእጅ የምታውቁትን ቁጥር አስገቡ። ለጆንያው እርማት 605 ኪሎ፣ 10 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎ ብትሉ 595 ለ17 ተካፍሎ ልክ 35 ፈረሱላ መውጣት አለበት። 35.59 ከወጣ እርማቱ አልገባም። ክፍያው ከ35 ጊዜ ዋጋ ካነሰ ደግሞ ቅድመ ክፍያው ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

ፋይሉ እናንተ ጋ ከሌለ

ጊት ስታተስ «ዲሊትድ ባይ አስ» ካለ ኮሚቱ የቀየረው ፋይል እናንተ ብራንች ላይ የለም ማለት ነው። ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፋይሉ ሜይን ላይ ብቻ ያለ አዲስ ነገር ከሆነ እርማቱ ሪሊሱን አይመለከትም፤ ጊት አርኤም ብላችሁ ቀጥሉ። ሪሊሱ ላይ ሆን ተብሎ ተሰርዞ ከሆነም እንዲሁ። ስሙ ተቀይሮ ወይም ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ግን ጊት አርኤም ማለት እርማቱን መጣል ነው። ጊት የስም ለውጥን የሚለየው በይዘት መመሳሰል ነው፤ በልማዱ ግማሽ ያህል፣ 50 ከመቶ፣ መመሳሰል ይጠብቃል። ፋይሉ ሲዛወር በጣም ከተለወጠ ስለማያውቀው -ኤክስ ፋይንድ-ሪኔምስ=30 (በትልቁ ኤክስ) ብላችሁ ገደቡን አውርዳችሁ ከመጀመሪያው ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ለውጡን ከጊት ሾው ላይ እያያችሁ በትክክለኛው ፋይል ላይ በእጅ አስገቡ፤ ጊት ያስቀመጠውን ትርፍ ፋይል በጊት አርኤም አንሱ።

የትርጉም ፋይሎችና ፊደላችን

ደረሰኝ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያትም ሲስተም የትርጉም ፋይሎቹ ዘወትር ይጋጫሉ። ሁሉም ሰው አዲሱን ቃል የሚጨምረው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱንም ማስቀረት። ለቼሪ-ፒክ ግን ትክክል የሚሆነው ኮሚቱ የጨመራቸውን ብቻ ስታስገቡ ነው፤ የሜይንን ትርፍ ቃላት ማስገባት ጉዳት ባያመጣም ነገ ሌላ ግጭት ይወልዳል። ፋይሉ ጄሰን ከሆነ ከመጨረሻው በፊት ያለው መስመር ላይ ኮማ መኖሩን እዩ፤ ግጭት ከተፈታ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው። ቃላቱን በፊደል ተራ መደርደር ግጭቱን በራሱ ይቀንሰዋል፣ ሁሉም ሰው አንድ መስመር ላይ መረባረቡ ይቀራልና።

ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ መስመሮች ከተጋጩባችሁ ፊደሉን መርምሩ። «ጠቅላላ ሂሳብ» እና «ጠቅላላ ሒሳብ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለጊት ሁለት ናቸው። ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ጊት ዲፍ --ወርድ-ዲፍ የተለየውን ቃል ለይቶ ያሳያችኋል። እዚህ ቦታ ላይ የሪሊሱን አጻጻፍ አትንኩ፤ ኮዱ ቃሉን እንደ ቁልፍ ተጠቅሞበት ከሆነ በአንድ ፊደል ለውጥ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል።

ጊት ስታተስ የአማርኛ የፋይል ስሞችን በቁጥርና በተገለበጠ ሰረዝ ከጻፈባችሁ ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ክዎትፓዝ ፎልስ በሉት፤ ስሙን በፊደሉ ያሳያል።

በአጭሩ የሚታለፉ

እያንዳንዱ መስመር ተጋጭቶ ልዩነት ካልታያችሁ የመስመር መጨረሻ ነው፤ አንዱ በዊንዶውስ፣ ሌላው በሊኑክስ ተቀምጧል። አቦርት አድርጋችሁ በ-ኤክስ ሪኖርማላይዝ ወይም በ-ኤክስ ኢግኖር-ስፔስ-ቼንጅ (ሁለቱም በትልቁ ኤክስ) ድገሙት። ፓይተን ላይ ግን ወደ ውስጥ የገባ መስመር ትርጉም ስላለው ስፔስን ችላ ካስባላችሁ በኋላ ውጤቱን በዓይን እዩ።

ፓኬጅ-ሎክ.ጄሰንን በእጅ አትፍቱ። የእናንተን በ--አወርስ ውሰዱ፣ ፓኬጅ.ጄሰንን ፍቱ፣ ከዚያ ኤንፒኤም ኢንስቶል ሎኩን እንደገና ይጽፈዋል።

ኮሚቱ መርጅ ነው፣ -ኤም አልተሰጠም የሚል ስህተት ከመጣ የመርጅ ኮሚት መርጣችኋል። -ኤም 1 መነሻውን የመጀመሪያው ወላጅ ያደርገዋል፤ የፊቸር ብራንቹ ሥራ በሙሉ እንደ አንድ ለውጥ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የምትፈልጉት ግን እዚያ ውስጥ ያለውን አንዱን ኮሚት ነው።

ቼሪ-ፒኩ ባዶ ሆኗል ካለ ለውጡ ቀድሞ እናንተ ጋ አለ፣ ወይም ስትፈቱ ሁሉንም ቦታ የራሳችሁን መርጣችኋል። የመጀመሪያው ከሆነ ጊት ቼሪ-ፒክ --ስኪፕ። ሁለተኛው ከሆነ --አቦርት በሉና ኮሚቱን ደግማችሁ አንብቡ።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ

የጀመራችሁት አይጠፋም። ጊት ቼሪ-ፒክ ላይ መሆናችሁን የሚመዘግበው በ.ጊት ፎልደር ውስጥ ቼሪ_ፒክ_ሄድ በሚባል ፋይል ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ጊት ስታተስ የት እንደቆማችሁና የትኛው ፋይል እንዳልተፈታ ይነግራችኋል። ኤዲተር ላይ ሳይቀመጥ የቀረ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሄደው። ቀጣዩ ትዕዛዝ ኢንዴክስ.ሎክ አለ ብሎ እምቢ ካለ መብራቱ የጠፋው ጊት እየጻፈ ሳለ ነው። ሌላ ጊት ወይም ጊት የሚጠቀም ኤዲተር ክፍት አለመሆኑን አይታችሁ ያንን ሎክ ፋይል ሰርዙት፤ ሌላውን የ.ጊት ይዘት አትንኩ።

ፑሽ ከማድረግ በፊትና በኋላ

የመጣው ኮሚት ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ስህተቱ ቶሎ ይወጣል፦

ጊት ሬንጅ-ዲፍ 4071923^! ሄድ^!

ይህ የሁለቱን ኮሚቶች ልዩነት ያነጻጽራል። በምሳሌያችን መታየት ያለበት ልዩነት ዙሪያው ላይ ያለው የቅድመ ክፍያ መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ የጨመራችሁት ወይም ያጎደላችሁት + ወይም - ካለ ምክንያቱን መናገር መቻል አለባችሁ፤ ሪቪው የሚያደርገው ሰውም የሚጠይቃችሁ ያንን ነው። ስለዚህ ኮሚቱ መልእክት ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ግጭት ነበር፤ ክፍያ.ፓይ ላይ ቅድመ_ክፍያ አልተካተተም»።

የትንሹ -ኤክስ መስመር ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ጊት ቼሪ -ቪ ሪሊስ-2018 ሜይን የትኛው ኮሚት እንደተሻገረ በ- ምልክት ያሳያል፤ የሚለየው ግን ለውጡ ቃል በቃል አንድ ሲሆን ነው። ግጭት የተፈታበት ኮሚት ከዋናው ስለሚለይ እንዳልተሻገረ ቆጥሮ + ያደርግበታል። ከሁለት ወር በኋላ «የጆንያው እርማት አጋሮ ደርሷል?» ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የሚሰጠው ይህ ነው፦

ጊት ሎግ --ግሬፕ=4071923 --ዋንላይን ሪሊስ-2018

ፑሽ ሳታደርጉ ስህተት ካያችሁ ጊት ሪሴት --ሃርድ ሄድ~1 ኮሚቱን ያነሳል፤ ያልተኮመተ ሥራንም አብሮ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ስታተስ እዩ። በስህተት ጥሩውን ከጣላችሁ ጊት ሪፍሎግ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የተጣለ ኮሚት በልማዱ 30 ቀን ያህል እዚያ ይቆያል። ፑሽ ከተደረገና ሌላ ሰው ከወሰደው በኋላ ግን ሪሴት አይሆንም። ጊት ሪቨርት ለውጡን የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት ይሠራል፤ መረከቢያዎቹ ላይ ያለው ቅጂም በተለመደው ፑል ይስተካከላል። ሪቨርት ያደረጋችሁትን እርማት እንደገና ለማስገባት ስትፈልጉ ከሜይን እንደ አዲስ ቼሪ-ፒክ አድርጉት። ሪሪሪ የድሮውን መፍትሔ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ፎርጌት በሉት።